ፋይላችሁ እንዳይመለስ፦ ጅማ ላይ የአካል ጉዳተኛ ድጋፍ አጠያየቅ ከወረቀቱ እስከ ክፍያው

ጅማ ላይ ለአካል ጉዳተኛ የሚሰጥ ድጋፍ አለ። ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ያም ሆኖ ስንት ሰው ነው ከቀበሌ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ማህበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣ ከዚያ ተመልሶ ቀበሌ እየተንከራተተ የባጃጅ ብሩን ጨርሶ ባዶ እጁን የሚቀረው። እኔ መጀመሪያ ከወንድሜ ጋር፣ ኋላ ደግሞ ከሰፈር ሰዎች ጋር ይህንኑ መንገድ ተመላልሼበታለሁ። ያየሁት አንድ ነው። አብዛኛው ሰው የሚመለሰው ድጋፉ የማይገባው ሆኖ አይደለም። ወረቀቱ እርስ በርሱ አልስማማ ብሎ ነው፣ ወይም ሌላ በር አንኳኩቶ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በተራ በተራ አድርጉ። ደረጃ አትዝለሉ። በተለይ ደረጃ 2ን።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

ውሃ የማያስገባ ላስቲክ ፋይል ግዙ። የጅማ ዝናብ በበጋም አይታመንም። አንዲት ጎረቤቴ የሆስፒታል ወረቀቷን በነጠላዋ ሸፍና ከፈረንጅ አራዳ እቤቷ እስክትደርስ የማህተሙ ቀለም ፈሶ ሰማያዊ እድፍ ብቻ ሆኖ ቀረ። ማህተሙ የማይነበብ ወረቀት ማንም አይቀበልም፣ እንደ አዲስ አንድ ወር ተመላለሰች።

ፋይሉ ውስጥ እነዚህን አስገቡ፦

- የፋይዳና የቀበሌ መታወቂያ፣ ከእያንዳንዱ 5 ኮፒ
- 4 ጉርድ ፎቶ
- የባንክ ደብተር ኮፒ
- የቆየም ቢሆን ያላችሁን የሕክምና ወረቀት ሁሉ
- አንድ ትንሽ ደብተር

ደብተሩን አትናቁት። የሄዳችሁበትን ቀን፣ ያነጋገራችሁትን ሰው የሥራ መደብ፣ ምን እንዳላችሁና ለመቼ እንደቀጠራችሁ ጻፉበት። "ማን ነው እንደዚያ ያለህ?" ተብሎ የሚጠየቅበት ቀን ይመጣል።

ዋናውን ወረቀት አሳዩ እንጂ አትስጡ። የምትሰጡት ኮፒውን ነው።

ደረጃ 1፦ በሩን ለዩ

"ድጋፍ ፈልጌ ነው" ብላችሁ ቢሮ አትግቡ። "በጀት የለም" ትባላላችሁ፣ እውነታቸውንም ሊሆን ይችላል። ማህበራዊ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ይመዘግባል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ወደሚመለከተው ይልካል፤ ብሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት።

ሀ. የከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተጀምሮ ኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች የሰፋው ፕሮግራም ነው። ሠርቶ መብላት ለማይችል ሰው በየጊዜው ገንዘብ ይሰጣል። በሩ ቀበሌ ነው።

ለ. ጤና መድህን በነጻ። የአባልነት መዋጮውን መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መንግሥት ይከፍላል። "የደሃ ደሃ" የሚባለው ዝርዝር ይኼ ነው። በሩ እዚያው ቀበሌ ነው።

ሐ. ጡረታና የሥራ ላይ ጉዳት ክፍያ። ተቀጥሮ ይሠራ ለነበረ ሰው ነው። በሩ አሠሪውና ማህበራዊ ዋስትና (የጡረታ መሥሪያ ቤቱ) ናቸው።

መ. መገልገያ፦ ዊልቸር፣ ክራንች፣ ሰው ሠራሽ እግር፣ የመስሚያ መሣሪያ። በሩ ማህበራዊ ጉዳይና የአካል ጉዳተኞች ማህበራት ናቸው።

ሠ. የሥራ መነሻ ገንዘብ። የውጭ እርዳታ በብዛት የሚሰጠው ለግለሰብ ሳይሆን ለተደራጀ ቡድን ነው።

ሀ እና ለ አንድ ላይ ይጠየቃሉ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ማይክሮ ፋይናንስ የሚሰጣችሁ ግን ብድር ነው፣ ከነወለዱ ይመለሳል። "ለአካል ጉዳተኛ የተዘጋጀ ነው" ቢሏችሁም ከመፈረማችሁ በፊት "ይመለሳል ወይስ አይመለስም?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ስማችሁን አንድ አድርጉ

ብዙ ፋይል የሚሞተው እዚህ ነው። ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አንዱ ወረቀት በአማርኛ፣ አንዱ በቁቤ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ጫልቱ የምትባል ሴት ስሟ በቁቤ በ"ሲ" ይጀምርና ባንክ ደብተሯ ላይ በ"ሲኤች" ተጽፎ ይገኛል። ለእኛ አንድ ሰው ናት፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት።

1. ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። የራሳችሁን፣ የአባትና የአያት ስም ፊደል በፊደል አስተያዩ።
2. ፋይዳ ገና ካላወጣችሁ አሁን አውጡ። ምዝገባው በነጻ ነው። ስታስመዘግቡ የመዝጋቢውን ስክሪን አሳዩኝ በሉና ስማችሁን ራሳችሁ አንብቡት፣ ካልቻላችሁ የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።
3. የጣት ወይም የዓይን ጉዳት ያለበት ሰው አሻራና የዓይን ምስል ከመጀመሩ በፊት ለመዝጋቢው ይናገር። "አሻራ ካልወጣ አይሆንም" ቢባል እንኳ ተመልሳችሁ አትሂዱ፣ ኃላፊውን ጠይቁ።
4. ባንክ ደብተሩ ከፋይዳው ከተለየ ባንኩ እንዲያስተካክለው አድርጉ። የምታስተካክሉት ባንኩን ነው፣ ፋይዳውን አይደለም።

ከሌላ ቀበሌ ወይም ከወረዳ የመጣችሁ ከሆነ መሸኛ ያስፈልጋችኋል። ያለ መሸኛ የቀበሌ ነዋሪ አይደላችሁም፣ ነዋሪ ያልሆነ ደግሞ ምልመላ ውስጥ አይገባም። ከገጠር ሕክምና ፍለጋ መጥቶ ዘመድ ቤት የተቀመጠ ሰው በዚህ ብቻ ዓመት ያልፈዋል።

ደረጃ 3፦ የሕክምና ማስረጃ

ቀጥታ ሆስፒታል አትሂዱ። ሐኪሙ ያክማችኋል እንጂ ማስረጃ አይጽፍላችሁም፤ ብዙ ጊዜ ማስረጃ የሚጻፈው በደብዳቤ ለጠየቀ መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ ከቀበሌ ወይም ከማህበራዊ ጉዳይ "ጉዳቱ ተመርምሮ ይገለጽልን" የሚል ደብዳቤ አጽፉ። ቁጥር፣ ቀንና ማህተም እንዳለው እዩ። ከዚያ በጠዋት ተነሱ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከሆነ ካርድ ክፍሉ ከመጨናነቁ በፊት ድረሱ።

ወረቀቱ ላይ መኖር ያለበት፦

- ሙሉ ስም፣ ልክ እንደ መታወቂያው
- የጉዳቱ ዓይነት
- ጉዳቱ ዘላቂ ነው ወይስ ይድናል
- ሰውየው ምን ማድረግ አይችልም
- የሐኪሙ ስም፣ ፊርማ፣ ማህተምና ቀን

አራተኛውን ያዙልኝ። ሐኪሞች ቶሎ ቶሎ ሲጽፉ የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ጽፈው ይፈርማሉ። ያንን የሚያነቡት ተጠቃሚ የሚመርጡት የቀበሌ ኮሚቴ አባላት ሐኪሞች አይደሉም። "ያለ ክራንች መቆም አይችልም፣ ዕቃ ማንሳት አይችልም" የሚል አንድ መስመር ግን ለሁሉም ይገባል። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት "ዶክተር፣ መሥራት የማልችለውን ቢገልጹልኝ፣ ኮሚቴው የሚያየው እሱን ነው" ብላችሁ ጠይቁ። ከወጣችሁ በኋላ መመለስ ሌላ ሰልፍ ነው።

ጉዳታችሁ በዓይን የማይታይ ከሆነ ይህ ደረጃ ለእናንተ ሁለት እጥፍ ያስፈልጋል። የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም፣ የመስማት ችግር፣ ጭላንጭል ብቻ ማየት። "ደህና አይደለህ እንዴ?" የሚባለው በእናንተ ላይ ነው። የሚጥል በሽታ ካለ በወር ስንት ጊዜ እንደሚጥል፣ መቼ እንደጣለና ምን ጉዳት እንዳደረሰ በደብተሩ መዝግባችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።

*ካልሆነስ?*

ሐኪሙ "ይኼ በቦርድ ነው የሚታየው" ካለ አትከራከሩ። የሕክምና ቦርድ፣ ማለትም አንድ ላይ አይተው የሚወስኑ ሐኪሞች፣ የሚቀመጠው በተወሰነ ቀን ነው። ቀኑን ጠይቃችሁ ጻፉ፣ አታሳልፉት። ለጡረታ ከሆነ በአንድ ሐኪም ወረቀት አትመኩ፣ ቦርዱን ጠብቁ።

ቢሮው ፎቅ ላይ ሆኖ መውጣት ካልቻላችሁ ማንም እንዲሸከማችሁ አትገደዱ። የሕንፃ ሕጉ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው ያዝዛል። አብሯችሁ ያለውን ሰው ላኩና "ባለጉዳይ ታች አለ፣ መውጣት አልቻለም፣ እባክዎ ወርደው ያነጋግሩት" ይበል። በትህትና ሲጠየቁ ብዙዎቹ ይወርዳሉ። ወንድሜን ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ በመቀመጫው እየተሳበ ሲወጣ ካየሁት በኋላ ነው ይህን መጠየቅ የጀመርኩት።

ደረጃ 4፦ ማመልከቻ

ቢሮዎቹ የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ ጽፋችሁ ብትሄዱ የሚቀበላችሁ ይኖራል፣ ግን ሌላ ሰው እስኪተረጉመው ተቀምጦ ይቆያል። አሳባችሁን በአማርኛ ጻፉት፣ ከዚያ ቋንቋውን የሚችል ዘመድ ወይም ራፖር ጸሐፊ ይገልብጠው። ስታወሩ ደግሞ እነዚህን ቃላት ያዙ፦ ጠለያ ደብዳቤ ነው፣ ዴገርሳ ድጋፍ፣ ሚዳማ ቃማ አካል ጉዳተኛ።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሕይወት ታሪክ አትጻፉ። እንደዚህ ይበቃል፦

> ጉዳዩ፦ በከተማ ሴፍቲኔት የቀጥታ ድጋፍ እንድመለመል ስለመጠየቅ
>
> እኔ አመልካች ከ____ ዓ.ም. ጀምሮ በቀበሌው በቤት ቁጥር ____ ነዋሪ ነኝ። በሁለቱም እግሬ ላይ ባለው ዘላቂ ጉዳት ምክንያት ሠርቼ መተዳደር አልችልም። የምኖረው ከ____ ጋር ሲሆን በቤቱ ውስጥ መሥራት የሚችል ሰው የለም። የወር ገቢያችን ____ ብር ነው። የሕክምና ማስረጃና የመታወቂያ ኮፒ ____ ገጽ አያይዣለሁ። በምልመላው እንድካተት አመለክታለሁ።

የገጹን ቁጥር መጻፍ አትርሱ። "ማስረጃ የለውም" ሲሏችሁ አያይዛችሁ እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነው።

በ2 ኮፒ አስገቡ። አንዱ ይቀራል፣ በሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማህተም ያድርግላችሁ። "ችግር የለም፣ እኔ እሰጥላችኋለሁ" የሚል ደግ ሠራተኛ ቢያጋጥማችሁም ቁጥሩን ሳትይዙ አትውጡ። አንድ ቢሮ ውስጥ በቃል ተቀብለውን ሁለት ወር ጠብቀን ስንመለስ ወረቀቱ የለም፣ የተቀበለውም ሰው ተዛውሯል፣ የምናሳየው ነገር አልነበረንም።

ደረጃ 5፦ የምልመላው ቀን

ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን ሴፍቲኔት አያስገባም። ምልመላው የሚካሄደው በየሰፈሩ ኮሚቴ ነው፣ ነዋሪው ራሱ ማን ይበልጥ እንደተቸገረ ይናገራል፣ ከዚያ መረጃው ይጣራል፣ የስም ዝርዝር ይለጠፋል፣ ቅሬታ ይሰማል። ሁልጊዜም ክፍት አይደለም። ስለዚህ፦

1. ቀበሌ ሄዳችሁ "የሚቀጥለው ምልመላ መቼ ነው? የሰፈራችን ኮሚቴ እነማን ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁ።
2. ኮሚቴውን ቤታችሁ ጥሩ። ቤቱን ይዩ፣ ሰውየውን ይዩ። በሐፍረት አካል ጉዳተኛውን ጓዳ መደበቅ ብዙ ቤት ውስጥ አይቻለሁ፤ ኮሚቴው ያላየው ሰው ዝርዝር ውስጥ አይገባም።
3. በስብሰባው ቀን ተገኙ። መምጣት የማይችል ሰው ቤተሰብና አንድ ጎረቤት ይላክ። ጎረቤቱ ቢናገር ይሻላል።
4. ዝርዝሩ ሲለጠፍ በስልክ ፎቶ አንሱት። ዓይነ ስውር ከሆናችሁ ከአንድ ሰው በላይ ያንብብላችሁ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኘው አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤት ሁሉ አይደለም። በቤቱ ውስጥ መሥራት የሚችል አዋቂ ካለ ቤተሰቡ የሚመዘገበው በማህበረሰብ ሥራ ነው፤ ያ ሰው ይሠራል፣ ቤተሰቡ ይከፈለዋል። የሚሠራውን ልጅ ከመዝገብ ደብቃችሁ ቀጥታ ድጋፍ አትጠይቁ። ጎረቤት ያውቃል፣ ሲጣራ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ሁለቱም ይቀራሉ። ልጁ ወይም ልጅቷ የሚውሉት አካል ጉዳተኛውን ሲያነሱና ሲያጥቡ ከሆነ ግን ያንን በግልጽ ተናገሩ፣ በሕክምና ማስረጃው ላይም "ያለ ረዳት መኖር አይችልም" ተብሎ ይጻፍ።

ደረጃ 6፦ ጤና መድህን

የደሃ ደሃ ዝርዝር በቀበሌ በኩል ይወጣል፣ ምዝገባና እድሳትም የየራሱ ወቅት አለው። ወቅቱ ካለፈ መጠበቅ ነው፣ ስለዚህ ቀኑን ከአሁኑ ጠይቁ። ደብተሩ ሲሰጣችሁ የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ስምና ፎቶ መኖሩን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። አንድ ልጅ ከቀረ የሚታመመው እሱ ነው የሚመስለው።

ስትታከሙ ከጤና ጣቢያ ጀምሩና በሪፈር ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድህን አይሸፈኑም፣ ለእነሱ ሌላ በር ፈልጉ።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡን መቀበል

የባንክ ሒሳቡ በራሱ በተጠቃሚው ስም ይሁን። መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ውክልና ይስጥ። ውክልናው "ከዚህ ሒሳብ የድጋፍ ገንዘብ እንዲቀበል" ብቻ ይበል፤ ቤት መሸጥንና መለወጥን የሚጨምር ሰፊ ውክልና አትፈርሙ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት አዋቂ ከሆነ የሞግዚትነት ውሳኔ ከፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል፣ ጊዜ ይወስዳልና ምልመላውን ሳትጠብቁ ጀምሩት።

ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ባልተነበበለት ወረቀት ላይ አሻራ አያድርግ። ሚስጥር ቁጥሩን ለባጃጅ ሹፌር፣ ለጎረቤት ልጅ፣ "ላውጣልህ" ላለ ሁሉ አትስጡ።

ክፍያ አንድ ወር ቢቀር ዝም አትበሉ። መጀመሪያ ባንክ ሄዳችሁ የሒሳብ መግለጫ አውጡ፣ እሱን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱ። መግለጫ ሳይዙ መሄድ "ገብቷል" እና "አልገባም" እየተባባሉ መዋል ነው።

ተቀጥረው ይሠሩ ለነበሩ

በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ የሚያሳድደው አሠሪውን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጉዳቱ ምክንያት ሥራ ላልገባ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ ለ6 ወራት 50 በመቶ ይከፈላል። አደጋው በጽሑፍ መመዝገቡን በዚያው ሳምንት አረጋግጡ። የቡና ማበጠሪያና የግንባታ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የተጻፈ ውል የለውም፤ እንግዲያው አብረውት ይሠሩ የነበሩ ሰዎችን ስምና ስልክ ሳይበተኑ ያዙ።

በጡረታ ሕጉ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና በጤና ጉድለት ከሥራ የተሰናበተ ሰው ዕድሜው ባይደርስም ጡረታ ይጠይቃል። 10 ዓመት ካልሞላው የአንድ ጊዜ ክፍያ አለው። "ጥቂት ዓመት ነው የሠራሁት፣ ምንም የለኝም" ብላችሁ አትቅሩ።

ዊልቸር ከመቀበላችሁ በፊት

የቤታችሁን በር ስፋት በሜትር ለኩ። የምሬን ነው። አንድ የሰፈራችን ሰው ዊልቸር አግኝቶ በጭቃ ቤቱ በር አልገባ ብሎ ዊልቸሩ ሌሊት ሌሊት ደጅ ጣሪያው ጥግ ላስቲክ ለብሶ ያድር ነበር፣ ክረምቱ ሳያልቅ ብረቱ ዛገ። የዳሌ ስፋትም ለኩ፣ ሰፊ ወንበር ጀርባ ያጣምማል፣ ጠባብ ያቆስላል። ሰፈራችሁ ጭቃ ከሆነ ቀጭን ጎማ ያለውን አትቀበሉ፣ ወፍራም ጎማ ወይም በእጅ የሚነዳ ባለ ሦስት እግር ጠይቁ።

በቡድን ገንዘብ መጠየቅ

ለማህበር ቢያንስ 5 መሥራች ያስፈልጋል፣ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚለው ይህንን ነው። መቀመጫው ፊንላንድ የሆነው አቢሊስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚሰጠው አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ለሚመሯቸው ቡድኖች ነው፤ ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ እናንተው መሆን አለባችሁ። በጀቱን በግምት አትሙሉ። ሄርማታ መርካቶ ወርዳችሁ ለእያንዳንዱ ዕቃ ከ3 ሱቅ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ያዙ። የባንክ ሒሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን።

በቴሌግራምና በፌስቡክ "ለአካል ጉዳተኞች 50 ሺህ ብር፣ መመዝገቢያ 300 ብር ብቻ" የሚል ብታዩ አትክፈሉ። ድጋፍ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ብር አይቀበልም። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ወይም በስልካችሁ የገባውን ኮድ የጠየቃችሁ ሁሉ ሌባ ነው። ኮዱን ከሰጣችሁ በዚያው ደቂቃ ወደ ቴሌብር መስመር 127 ደውላችሁ አሳግዱ።

ከዝርዝሩ ከቀራችሁ

ዝርዝሩ ከተለጠፈ በኋላ ያለው የቅሬታ ጊዜ አጭር ነው። በዚያው ቀን የመጨረሻውን ቀን ጠይቁ። ቅሬታውን በጽሑፍ አቅርቡ፣ በቃል አቤቱታ አይመዘገብም። ሦስት ነገር ብቻ ይኑረው፦ ማመልከቻው የገባበት ቀንና ቁጥር፣ የሕክምና ማስረጃው ቁጥር፣ በቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ። "እከሌ ገብቶ እኔ ለምን ቀረሁ" አትበሉ፤ ኮሚቴው እከሌን ሲከላከል የእናንተ ጉዳይ ይረሳል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 እዚህ ጥቀሱት፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ይደነግጋል።

የቀበሌው መልስ አሉታዊ ከሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። እሱን አያይዛችሁ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ሂዱ፣ እዚያም በ2 ኮፒ፣ እዚያም የገቢ ቁጥር። የቀበሌውን መልስ ሳትይዙ ከሄዳችሁ "መጀመሪያ ከቀበሌ ጨርሱ" ብለው ይመልሷችኋል።